ግብጦውና ጆንያው

 

የዛሬው ንግግራችን ስለ ግብጦ ነው። በሬዲዮ የሰማችሁት ይህ ንግግር አሁን በወረቀት ታትሞ እጃችሁ ገብቷል። አትቸኩሉ፤ ቀስ ብላችሁ አንብቡት። የከበዳችሁ ቃል ካለ ፊደሎቹን አንድ በአንድ እየጠራችሁ እለፉት። አጠገባችሁ ማንበብ ያልጀመረ ጎረቤት ካለ ደግሞ ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ አንብቡለት።

ግብጦን ለጎጃም ሰው ማስተዋወቅ አያሻም። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በደብረ ማርቆስ በኩል የመጣ መኪና ፍኖተ ሰላም ወይም ቡሬ ላይ ቆም ሲል፣ ሰዉ በመስኮት አንገቱን ያወጣል። እናቶችና ልጃገረዶች ሰፌድና ቅርጫት ይዘው ይከቡታል። ቆሎ አለ። ዳቦ ቆሎ አለ። ንፍሮ አለ። በወቅቱ ከሆነ የተጠበሰ የበቆሎ እሸት አለ። በገበያው ውስጥ፣ በጠላ ቤቱ ደጃፍ ደግሞ ግብጦ አለ። በብርጭቆ ይሰፈራል፤ በወረቀት ይጠቀለላል። ገዢው ጨው ነስነስ አድርጎ፣ ቆዳውን ገፍፎ፣ እየቆረጠመ ይሄዳል። የግብጦ አረቄም እንዳለ አውቃለሁ። ስለ እሱ ግን ዛሬ አላወራም፤ ጊዜው አይበቃንም።

ግብጦ የድኻ እህል ነው የሚሉ ሰዎች አሉ። እኔ በዚህ አልስማማም። ግብጦ በደከመ መሬት ላይ ይበቅላል። ብዙ እርሻ አይፈልግም፤ ማዳበሪያም አይጠይቅም። እንዲያውም የተዘራበትን መሬት ያበረታል። ደግሞም ሰውነትን የሚገነባው ነገር፣ ፕሮቲን የሚባለው፣ በግብጦ ውስጥ ከመቶ 30 እጅ በላይ ነው። ከባቄላም ከሽምብራም ይበልጣል። ሥጋና ወተት በማይቀመስበት የጾም ወራት ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ስለዚህ ግብጦ አትብሉ ልላችሁ አልመጣሁም። ብሉ። ለልጆቻችሁም አብሉ። የእኔ ጥያቄ አንድ ነው። ያ አፋችሁ ውስጥ የገባው ግብጦ በመጨረሻ የነካው ውኃ ምን ዓይነት ውኃ ነበር?

እስቲ አሠራሩን እናስታውስ። ግብጦ መጀመሪያ ይለቀማል። ከዚያ ምጣድ ላይ ይቆላል። በአንዳንድ ቤት ይቀቀላል፤ በብዙው ቤት ግን ይቆላል። ከተቆላ በኋላ በጆንያ ይደረግና አፉ ይታሰራል። ጆንያው ወንዝ ይወርዳል። እንዳይወሰድ በድንጋይ ይያዛል ወይም ከዛፍ ሥር ይታሰራል። እዚያ ወራጅ ውኃ ውስጥ ብዙ ቀን ይሰነብታል፤ እስከ 1 ሳምንት የሚያቆዩም አሉ። በየመሃሉ አንዲት ፍሬ ይወጣና ይቀመሳል። ገና መራራ ከሆነ ይመለሳል። ምሬቱ ሲለቅ ይወጣል። ይታጠባል፤ ጨው ይደረግበታል፤ ይሸጣል።

ይህን ያህል ድካም ለምን አስፈለገ? ጥሬ ግብጦ መራራ ስለሆነ ነው። ምሬቱ ግን እንዲያው የጣዕም ነገር ብቻ አይደለም። መርዝ ነው። ሉፓኒን የሚባል መርዝ፣ ከሌሎች ዘመዶቹ ጋር፣ በፍሬው ውስጥ አለ። ምሬቱን ሳይጨርስ ግብጦ በብዛት የበላ ሰው አፉ ይደርቃል። ራሱን ያዞረዋል። ልቡ ይመታል። ዓይኑ ብዥ ይልበታል። ሕፃን ልጅ ከሆነ ደግሞ ጥቂቱም ይበቃዋል።

ይህ መርዝ እሳትን አይፈራም። ብትቆሉትም አለ፤ ብትቀቅሉትም አለ። ውኃ ግን ያሟሟዋል፤ ይዞትም ይሄዳል። እናቶቻችን ይህን ያወቁት ላቦራቶሪ ገብተው አይደለም። ቀምሰው ነው። ሌላውም ዓለም እንደዚሁ ቀምሶ ነው የደረሰበት። ግብጾች ትርሙስ ይሉታል፤ በበዓል ቀን በየመንገዱ ይሸጣል። ጣሊያኖች ሉፒኒ ይሉታል፤ ጨው በሞላበት ውኃ ውስጥ አኑረው ይበሉታል። በደቡብ አሜሪካ ተራሮች፣ በፔሩና በኢኳዶር የሚኖሩ ገበሬዎችም የራሳቸው ዓይነት ግብጦ አላቸው፤ እንደኛው በወንዝ ውኃ ሲያጥቡት ኖረዋል። እንደ አውስትራሊያ ያሉ አገሮች ደግሞ በሕግ ወስነውታል። በ1 ኪሎ ግብጦ ውስጥ ከ200 ሚሊግራም በላይ ይህ መርዝ ካለ ለሰው ምግብነት አይሸጥም። የእኛ እናቶች ሚዛን ምላሳቸው ነው። ምላስ መጥፎ ሚዛን አይደለም። ችግሩ የሚመጣው የገበያ ቀን ሲደርስ፣ ገንዘብ ሲቸግር፣ ግብጦው ሳይጨርስ ከወንዝ ሲወጣ ነው። ጨውና በርበሬ ሲነሰነስበት ምሬቱ ይደበቃል። መርዙ ግን አይደበቅም።

እንግዲህ እስከዚህ ድረስ የቀመሰ ያውቀዋል። ከዚህ በኋላ ያለውን ግን ምላስ አይነግረንም።

ወደ ምጣዱ እንመለስ። ምጣድ ላይ በደንብ የተቆላ ግብጦ ንጹሕ ነው። በዓይን የማይታዩ በሽታ አምጪ ተሐዋስያን፣ ብዙ ሰው ጀርም የሚላቸው፣ በዚያ ሙቀት ይሞታሉ። ተቅማጥ የሚያመጡት፣ ተስቦ የሚያመጡት፣ ኮሌራ የሚያመጡት ሁሉ ከእሳት አይተርፉም። ከምጣዱ በወረደበት ሰዓት ግብጦው ለሕፃን ቢሰጥ የሚያስፈራው መርዙ እንጂ ጀርሙ አይደለም።

ከዚያ በኋላ ምን እናደርገዋለን? እሳት ያጸዳውን ይዘን ወንዝ እንከታለን። ወንዙ መርዙን ይወስዳል። በምትኩ ደግሞ የራሱን ይሰጠናል።

ወንዙ ከላይ ምን ነክቶ እንደመጣ እናንተ ከእኔ ይልቅ ታውቁታላችሁ። ብርም ሆነ ፈጣም፣ ከእነሱም በታች ያሉት ስም የለሽ ጅረቶች፣ ከመንደር ለመንደር ሲወርዱ ብዙ ነገር ይገጥማቸዋል። ከብት ይጠጣባቸዋል፤ እዚያው ይጥልባቸዋል። ልብስ ይታጠብባቸዋል። ሜዳ የተቀመጠ ሰው የጣለውን ዝናብ አጥቦ ይከትባቸዋል። በክረምት ውኃው ሲደፈርስ ቀለሙ ራሱ ይናገራል። በበጋ ግን ኩልል ብሎ ሲታይ ሰው ይታለላል። ኩልል ያለ ውኃ ሁሉ ንጹሕ አይደለም። ወራጅ ውኃ ራሱን ያጠራል የሚባለውም ለዓይን ነው እንጂ ለተሐዋስያን አይሠራም። ጆንያው ከታሰረበት ቦታ 20 እርምጃ ከፍ ብሎ አንድ ሰው ከተጸዳዳ፣ ያ ውኃ በግብጦው መሃል ያልፋል። ያውም አንድ ቀን አይደለም፤ ሳምንቱን ሙሉ።

በዚሁ አጋጣሚ አንድ ነገር ልጨምር። በጎጃም በብዙ ወንዞች ውስጥ ቢልሃርዝያ አለ። ይህ በሽታ በአፍ ሳይሆን በቆዳ ነው የሚገባው። ጆንያውን ለማሰርና ለመፍታት ወንዝ ውስጥ ገብታ የምትቆመው እናት፣ ግብጦውን ባትበላም እንኳ ልትያዝ ትችላለች።

ቆሎና ግብጦ ደግሞ አንድ አይደሉም። ይህን ልብ በሉልኝ። ቆሎ ደረቅ ነው። ጀርም ቢያርፍበትም እርጥበት ስለማያገኝ አይራባም፤ ያው ያረፈው ብቻ ይቆያል። ግብጦ ግን ውኃ የጠጣ ነው። ለስላሳ ነው። ፕሮቲን የሞላበት ነው። ለጀርም እንደ ሠርግ ቤት ነው። ተስማሚ ሙቀት ካገኘ አንዱ ጀርም በ20 ደቂቃ ውስጥ 2 ሊሆን ይችላል። ቁጥር የተማራችሁ እስቲ በደብተራችሁ አስሉት። በ20 ደቂቃ 2 ከሆነ፣ በ40 ደቂቃ 4 ነው። በ1 ሰዓት 8 ነው። በ2 ሰዓት 64 ይሆናል። በ3 ሰዓት 512። በ4 ሰዓት 4,096። ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ገበያ የወጣ ግብጦ እስከ 10 ሰዓት ፀሐይ ላይ ከዋለ ስንት ይሆናል? ይህን ለእናንተ ትቼዋለሁ። ወረቀቱ ካልበቃችሁ በእኔ አትፍረዱ።

ልጁ ማታ ሆዱን ሲያመው ግን ግብጦውን ማንም አያስታውሰውም። ቡዳ ነው ይባላል። ብርድ ነው ይባላል። የጥርስ ማብቀል ነው ይባላል። በተቅማጥ የተያዘ ሕፃን ደግሞ በጣም በአጭር ጊዜ ውኃው ከሰውነቱ ያልቃል። ዓይኑ ይጎደጉዳል፤ ሲያለቅስ እንባ አይወጣውም። እንዲህ የሆነ ልጅ ለነገ አይባልም። ውኃ ፈልቶ ሲቀዘቅዝ ከጤና ጣቢያ በሚሰጠው የሕይወት አድን ንጥረ ነገር በጥብጣችሁ እያጠጣችሁት፣ በዚያው ቀን ይዛችሁት ሂዱ። የምታጠቡም ከሆነ ማጥባታችሁን አታቋርጡ።

ውኃ ምን ሊያደርግ እንደሚችል ሩቅ አገር ሄደን ምስክር አንፈልግም። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በምዕራብ ጎንደር፣ በቋራ ወረዳ፣ በበርሚል ጊዮርጊስ ጠበል ቦታ ኮሌራ ተነሥቶ ነበር። ለፈውስ ብሎ ከየአገሩ የመጣ ብዙ ሕዝብ በአንድ ቦታ ተሰብስቧል። መጸዳጃው አልበቃም፤ ንጹሕ ውኃው አልበቃም። ሰው ሞተ። በሽታው ከዚያ ወጥቶ ወደ ሌሎች ወረዳዎች ሄደ። ያንን ግብጦ አመጣው አላልኩም። ኮሌራ የሚሄድበት መንገድ ግን አንድ ነው። ከሰው ዓይነ ምድር ወደ ውኃ፣ ወደ እጅና ወደ ምግብ፣ ከዚያ ወደ ሰው አፍ። ጆንያችን የተዘፈዘፈው በዚሁ መንገድ ላይ ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ?

ነገሩ የቅደም ተከተል ነገር ነው። እኛ እሳቱን እናስቀድማለን፤ ውኃውን እናስከትላለን። ስለዚህ የመጨረሻው ቃል የወንዙ ይሆናል። የመጨረሻው ቃል ወደ እሳት ይመለስ ነው የምለው። ግብጦው እንደ ወትሮው ይቆላ። እንደ ወትሮው ይዘፍዘፍ። የሚቻል ከሆነ ከመንደር በላይ ባለው ውኃ ይሁን። ከዚህም የሚሻለው በቤት ውስጥ በእንስራ ወይም በባልዲ ዘፍዝፎ ውኃውን ጠዋትና ማታ መለወጥ ነው። ያ የተደፋው መራራ ውኃ ለከብት አይሰጥ። ምሬቱ ጨርሶ ሲለቅ በንጹሕ ውኃ ደጋግማችሁ እጠቡት። ከዚያ ንጹሕ ውኃ በድስት አፍሉ፤ ግብጦውን ጨምሩበት። ውኃው እንደገና መንተክተክ ሲጀምር 5 ደቂቃ ጠብቁ። አውጡት፤ በንጹሕ ወንፊት አጥልሉት፤ ክደኑት። ከዚያ በኋላ ጥሬ ውኃ አይንካው። እንዳይደርቅ ተብሎም ውኃ አይረጭበት።

ይህን ስናገር አንዲት እናት፣ «ልጄ፣ ማገዶ ማን ይሰጠኛል? ደግሞም ከፈላ ይለሰልሳል፤ ገዢ ቆርጠም የሚለውን ነው የሚወደው» እንደሚሉኝ አውቃለሁ። እውነትዎን ነው እናቴ። ማገዶ ውድ ነው። ለ1 ቁና ግብጦ ግን ብዙ እንጨት አይነድም፤ ምሳ ከበሰለበት ፍም ላይ ቢጣድም ይፈላል። 5 ደቂቃም ግብጦን ገንፎ አያደርገውም። ጨዉን እዚያው የሚፈላው ውኃ ውስጥ ቢጨምሩት ደግሞ እስከ ውስጡ ይዘልቃል፤ ከላይ ከተነሰነሰው ይልቅ ይጥማል። ማገዶ ጨርሶ የጠፋ እንደሆነ በመጨረሻ የሚታጠብበትን ውኃ እንደ «ውኃ አጋር» ባለ የውኃ ማከሚያ ማከም ይቻላል። በጠርሙሱ ላይ ስንት ውኃ በስንት ክዳን እንደሚታከም፣ ስንት ደቂቃ እንደሚቆይም ተጽፏል። አሁን ማንበብ ጀምረዋል፤ ያንብቡት። ይህ ግን ከማፍላቱ ያንሳል፤ በግብጦው ውስጥ የገባውን አይደርስበትምና።

እኔ በበኩሌ ሸክሙ ሁሉ በሻጯ ላይ መጣሉን አልወደውም። እሷ በቀን የምታገኘው ትርፍ የቤቷ ጨውና ጋዝ ነው። ገዢውስ? ገዢው ብርጭቆውን እስከ አፉ ካልሞላሽ ብሎ ይከራከራል እንጂ «ይህን በምን ውኃ አጠብሽው?» ብሎ አይጠይቅም። ጠያቂ ቢኖር፣ አፍልታ የምትሸጠዋ እናት ከጎኗ ካለችው ትንሽ ጨምራ ብትሸጥ አግባብ ነበር። አንዲት ሴት የብር ኖት የቆጠረችበትን እጅ ግብጦው ውስጥ ብትከት እንቆጣለን። ያንን ኖት ግን የሰጠናት እኛው ነን። መስፈሪያውን ራሷ በእጀታው ትያዝ፤ ግብጦው በጭልፋ ይውጣ፤ ሌላዋ እጇ ገንዘብ ይቀበል። ከተማሪ ደብተር የተቀደደ ወረቀትም መጠቅለያ አይሁን፤ እርጥብ ግብጦ ቀለሙን ይጠጣዋል። ገዢውም ቆዳውን የሚገፍፈው በገዛ ጣቱ ነው። ከመኪና ሳይወርድ፣ እጁን ሳይታጠብ ገፍፎ የበላ ሰው ሻጯን ብቻ ሊከስ አይችልም።

አሁን ወደ ጆንያው ልምጣ። የንግግራችን ግማሽ ስም ጆንያው ነውና።

ግብጦው የተዘፈዘፈበት ጆንያ ቀድሞ ምን ነበረበት? በየቤቱ ያለውን ያን ነጭ የላስቲክ ጆንያ ሰው ስሙን «ማዳበሪያ» ይለዋል። «አንድ ማዳበሪያ ጤፍ»፣ «ሁለት ማዳበሪያ በርበሬ» ይባላል። ስሙ ከየት መጣ? ማዳበሪያ ይመጣበት ስለነበረ ነው። ዩሪያ የነበረበት ጆንያ አለ። የበቆሎ ዘር የነበረበት ጆንያ አለ። የጎተራ ነቀዝ መድኃኒት አብሮት የከረመ ጆንያም አለ። ጆንያው ለዓይን አንድ ነው። የሚለየው በላዩ ላይ ያለው ጽሑፍ ነው።

ምዕራብ ጎጃም የበቆሎ አገር ነው። በጃቢ ጠህናንም በቡሬም በወንበርማም ገበሬው ምርጥ ዘር ይዘራል። እነ ቢኤች 661 የሚባሉትን ታውቋቸዋላችሁ። ይህ ዘር ብዙውን ጊዜ መድኃኒት ተቀብቶ ነው የሚመጣው። መሬት ውስጥ ሻጋታና ተባይ እንዳያጠቃው ነው። ሰው እንዳይበላው ለምልክት ቀይ፣ ሐምራዊ ወይም አረንጓዴ ቀለም ይደረግበታል። ዘሩ ተዘርቶ 2 ወይም 3 ኪሎ ይተርፋል። ጊዜው ክረምት ነው። ሐምሌ ላይ ጎተራው ይራቆታል፤ አዲሱ እህል ገና ነው። ያች የተረፈች በቆሎ ለዓይን ታምራለች። ብትታጠብ ቀለሟ ይለቃል። ብትቆላ ቆሎ ትሆናለች። ብትቀቀል ንፍሮ ትሆናለች። ልጆች ደግሞ እየራባቸው ነው።

እንዲህ ያለ ነገር በሌላ አገር ሆኗል። አገሩ ኢራቅ ነው። ዘመኑ በእኛ 1964 ዓ.ም.፣ በፈረንጆች 1971 መጨረሻና 1972 ነው። በአገሩ ድርቅ ነበረ። መንግሥት ከውጭ አገር የስንዴና የገብስ ዘር አስመጥቶ ለገበሬ አደለ። ዘሩ በሜርኩሪ መርዝ የታሸ ነበር፤ ለምልክት ቀይ ቀለም ተቀብቷል። በጆንያው ላይም ማስጠንቀቂያ ተጽፏል። የተጻፈው ግን በእስፓኝና በእንግሊዝኛ ነው። የኢራቅ ገበሬ ደግሞ የሚናገረው ዓረብኛና ኩርድኛ ነው። ለብዙው ገበሬ ዘሩ የደረሰው የመዝሪያው ጊዜ ካለፈ በኋላ ነው። ቤቱ ባዶ ነው፤ ዘሩ በጆንያ ተቀምጧል።

ሰዎቹ ሞኞች አልነበሩም። ዘሩን አጠቡት። ቀዩ ቀለም ለቀቀ። ቀለሙ ሲሄድ መርዙም የሄደ መሰላቸው። አንዳንዶቹ መጀመሪያ ለዶሮ ሰጥተው ጥቂት ቀን ጠበቁ። ዶሮዎቹ ምንም አልሆኑም። ከዚያ ፈጩት፤ ዳቦ ጋገሩት፤ በሉት፤ ልጆቻቸውንም አበሉ። ያ መርዝ ግን ወዲያው አይገድልም። ሳምንታት ይቆያል። ከዚያ ጣትና ከንፈር መደንዘዝ ጀመረ። እግር መንገዳገድ ጀመረ። ዓይን ማየት፣ ጆሮ መስማት ተወ። ሆስፒታል የገቡት ብቻ ተቆጥረው 6,530 ሰዎች ሆኑ። ከነዚህ 459 ሞቱ።

እዚህ ላይ እሳቱም ውኃውም አልረዳም። የግብጦን ምሬት ያወጣው ውኃ ቀለሙን ብቻ ወሰደ። ጀርምን የሚገድለው እሳት ዳቦውን አበሰለ እንጂ መርዙን አልነካም። እነዚያን ሰዎች ሊያድናቸው የሚችለው በጆንያው ላይ የነበረው ጽሑፍ ነበር። ጽሑፉም ነበረ። እነሱ በሚያነቡት ቋንቋ ግን አልነበረም።

ዛሬ ዘር የሚታሽበት መድኃኒት ያ ሜርኩሪ አይደለም። ቢሆንም ለሆድ አልተሠራም። ለመዝራት ነው የተሠራው። የተረፈ የታሸ ዘር አይቆላም፤ አይቀቀልም፤ ጠላና አረቄ አይጠመቅበትም፤ ለዶሮም አይበተንም። ዘሩ የመጣበት ጆንያም ለግብጦ መዘፍዘፊያ፣ ለቆሎ ማስቀመጫ አይሆንም። ቢታጠብም አይሆንም።

ሻጋታም ከዚሁ ወገን ነው። በቆሎው ሳይደርቅ ጎተራ ከገባ ይሻግታል። ከሻጋታው ዓይነቶች አንዳንዶቹ አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ያወጣሉ፤ ጉበትን ይገድላል። በጎረቤታችን በኬንያ በ1996 ዓ.ም. የሻገተ በቆሎ የበሉ 317 ሰዎች ታመው 125 ሞተዋል። የሻገተውን ቆልቶ ለቆሎ፣ ቀቅሎ ለንፍሮ ማቅረብ ሻጋታውን ይገድለዋል፤ መርዙን ግን አያጠፋውም። የሻገተ ለውዝም እንደዚሁ ነው። ስለ ማድረቅና ስለ ጎተራ ግን በሌላ ቀን በሰፊው እንመለስበታለን።

አሁን ደብተራችሁን አውጡ። ይህን ቃል ጻፉ፦

መርዝ

ሦስት ፊደል ነው። መ፣ ር፣ ዝ። አንድ ጊዜ ጻፉት፤ ከዚያ 5 ጊዜ ድገሙት። ቀጥሎ ይህን ጻፉ፦

ለዘር ብቻ

ቀጥሎም ይህን፦

ለምግብ አይሆንም

እነዚህን ቃላት በጆንያ፣ በጠርሙስና በቆርቆሮ ላይ ፈልጓቸው። አንዳንድ ጊዜ አታገኟቸውም። ጽሑፉ በእንግሊዝኛ ብቻ ይሆናል። ይህ የእናንተ ጥፋት አይደለም። መርዝ አሽጎ ለጎጃም ገበሬ የሚሸጥ ሁሉ በአማርኛ መጻፍ ነበረበት ብዬ አምናለሁ፤ ሻጩን ጠይቁት፤ አታፍሩ። እስከዚያው ግን ሥዕሉን እዩ። የራስ ቅልና ሁለት የተጠላለፈ አጥንት ካለበት መርዝ ነው። ቀለሙንም እዩ። በቆሎ ቀይ ወይም አረንጓዴ ሆኖ ከመጣ፣ ተፈጥሮው እንደዚያ ካልሆነ በቀር፣ የታሸ ነው። ጥርጣሬ ከቀራችሁ በቀበሌያችሁ ያለውን የግብርና ባለሙያ ወይም የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን ጠይቁ። ትምህርት ቤት የሚሄድ ልጅም ካላችሁ ያንብብላችሁ፤ አባት ከልጁ ቢማር ነውር የለውም።

ለሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ የቤት ሥራ አለ። በቤታችሁ ያለውን አንድ ጆንያ ወይም አንድ የመድኃኒት ዕቃ ምረጡ። በላዩ ያለውን ጽሑፍ ፊደል በፊደል፣ ቁጥሩንም ሳትተዉ፣ በደብተራችሁ ገልብጡ። በእንግሊዝኛ የተጻፈም ከሆነ ቅርጹን እያያችሁ ገልብጡት፤ አስተማሪያችሁ ይተረጉምላችኋል። የመድኃኒቱን ዕቃ ራሱን ግን ክፍል አታምጡት። ገልብጣችሁ ስትጨርሱ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ።

ግብጦ ይዛ የምትመጣ ካለች፣ አፍልታው ትምጣ። እኔም እቀምሳለሁ።